የሱሩር የሲኒማ መኪና

የቆዳ ነጋዴው ሱሩር የሞተው ሐሙስ ምሽት፣ የከተማው መብራት ከመጣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነበር። አርብ ጠዋት መቶ አለቃ አለበል ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ካለው ቤት ሲደርስ፣ ሬሳው ታጥቦ በነጭ አቡጀዲድ ተከፍኗል። ገዳዩም ተገኝቷል ይባላል። ፊልም ግድግዳ ላይ የሚያሳየውን የሲኒማ መኪና ከአዲስ አበባ አምጥቶ የተከለው፣ ድረስ የተባለ ባለሙያ፣ እጁን ታስሮ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ከቀብሩ በፊት ሌላ ነገር ካልተገኘ ወህኒ እንዲወርድ የአውራጃው ሹማምንት ወረቀቱን ጽፈው ጨርሰዋል። እንግዳ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ምን ያደክማል!

«ጌታዬ፣ ስተክለው ገመዱ ላይ አንዲት ጭረት አልነበረችም» አለ ድረስ። «የሁለት ሕፃናት አባት ነኝ።»

አለበል አልፎት ወደ ቤቱ ገባ። በአሥራ ስምንት ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ ልጆች የሌሉት ታሳሪ ገጥሞት አያውቅም። የሚያናድደው፣ አብዛኞቹ እውነታቸውን መሆኑ ነው።

ሱሩር የሞተበት ክፍል ረጅምና ጨለማ ነው። መስኮቱ በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ግድግዳው አዲስ ኖራ ተቀብቷል። አለበል ተንበርክኮ የመኪናውን ገመድ በጣቱ ተከተለው። መሰኪያው አጠገብ ጎማው ተልጦ ሽቦው አፍጥጧል።

«አይጥ ነው የበላው» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም አብዱልቃኒ፣ በሩ ላይ ቆሞ። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«አይጥ የጥርሷን ምልክት ትተዋለች። ይሄ በቢላዋ የተፋቀ ነው፤ ያውም ከሥር፣ ጣት በሚያርፍበት በኩል። ወንድምህ ለመግሪብ ሶላት ታጥቦ ውዱእ አድርጎ፣ እጁ ሳይደርቅ መሰኪያውን ሊነቅል ሲል ኮረንቲ ያዘው።»

«እንግዲያው ድረስ ነዋ የፋቀው!»

«ቸኮልህ» አለው አለበል፤ ወጥቶም ድረስን ጠየቀው። «ሰውየው ቴሌቪዥን ትቶ ይሄን ለምን መረጠ?»

«ማሰራጫው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ቴሌቪዥን እዚህ ምን ያሳያል? ሣጥኑም ትንሽ ነው አሉ። ‹ግድግዳ የሚሞላ ሥዕል ነው የምፈልገው› አሉኝ። አቡጀዲድ እንወጥር ስላቸው፣ ይጨማደዳል ብለው ሰኞ ዕለት ግድግዳውን ኖራ አስቀቡ።»

የሟቹ ሚስት ቀድሪያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከለቀስተኛው መካከል ተቀምጣለች።

«ክፍሉ የማን ነበር?» አላት።

«የአማቴ የእማማ መርየም። ከሰኞ ጀምሮ እኔ ዘንድ ናቸው።»

«መውጣታቸው ያስከፋው ሰው አለ?»

ቀድሪያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አብዱልቃኒ ከዚያ ቀን ወዲህ ከወንድሙ ጋር አልበላም።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷ አስያ ጨርቅ ነጋዴ ናት። አለበል ወደ ከፈኑ አየት አድርጎ ጠየቃት፤ «ካንቺ ሱቅ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ማታ ሱቅሽን ከፈትሽ?»

«ኧረ ማታስ እዚሁ ከለቅሶው ነበርሁ! አብዱልቃኒ ማክሰኞ ነው የወሰደው።»

አለበል ወዲያው ሁሉንም ጠርቶ ቃሬዛው ዙሪያ አቆማቸው። የመስጊዱ ሽማግሌ ሼህ ሙነወር ተቆጡ። «መቶ አለቃ፣ ሬሳ አይቆይም!»

«አንዴ ይታገሡኝ፣ ሼህ። አብዱልቃኒ፣ ሱሩር የሞተው ሐሙስ ነው። ማክሰኞ አቡጀዲድ ምን ሊሆንህ ገዛህ?»

«ለ... ለግድግዳው። ሥዕሉን ለማሳየት።»

«ግድግዳው ሰኞ ኖራ ተቀብቷል።»

አብዱልቃኒ ወደ ቀድሪያ ክፍል ጠቆመ። «እሺ፣ እውነቱን ልናገር። ለእናቴ ነው። ታማለች፤ ድንገት ብትሞት ብዬ አዘጋጀሁ።»

ለቀስተኛው አጉረመረመ። ነገሩ የልጅ ወግ ነውና ብዙዎች አመኑት። አለበል ወደ ሽማግሌው ዞረ። «የሴት ከፈን ስንት ክፋይ ነው?»

«አምስት።»

«የወንድስ?»

«ሦስት» አሉ ሼህ ሙነወር፤ ብለውም ፊታቸው ተለወጠ።

«አስያ፣ ስንት አድርገሽ ቀደድሽለት?»

«ሦስት» አለች አስያ እያለቀሰች። «ለሩቅ ዘመድ መስሎኝ ነው። ‹ለረጅም ሰው ነው፣ እንዳያጥረው› ሲለኝ ጨምሬ ለካሁለት።»

«እማማ መርየም አጭር ናቸው፤ ሱሩር ግን በር ሲገባ ጎንበስ ይል ነበር። ቢላዋ ማንም ያነሣል። በሕይወት ላለ ወንድም ከፈን የሚያስቀድድ ግን የሚሞትበትን ቀን የሚያውቅ ብቻ ነው።»

አብዱልቃኒ ከመሬት ቁጭ አለ። «ሱቅ ሲመሽ ይዘጋል» አለ ቀስ ብሎ። «ያለ ከፈን እንዳያድር ብዬ ነው።»

ወንድሙን መግደል ያልከበደው ሰው፣ ወንድሙ ያለ ከፈን እንዳያድር ተጨነቀ። አለበል በሙያ ዘመኑ ብዙ ክፋት አይቷል፤ እንዲህ ያለ ደግነት ግን አይቶ አያውቅም።

«ለምን?» አለው።

«ሥዕል ሊያይ ብሎ እናታችንን ከአልጋዋ አስወጣ! በዚያ ሁኔታዋ! ታግሼ ዝም ልበል?»

ቀድሪያ ተነሥታ ቆመች። «አንተ ደንቆሮ! ኖራው እስኪደርቅ እኮ ነው ያወጣቸው! ክፍሉ የሳቸው ነው፤ አልጋቸውም ተመልሶ ይገባ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ ትንሹ ሣጥን አይታያቸውም ብሎ ነው ግድግዳ የሚሞላውን የመረጠው። ሐጅ ሳይሄዱ አረጁ፣ መካን ላሳያቸው ብሎ ፊልሙን አስመጥቶላቸዋል! ለኢድ ብሎ ነው ከእናንተ የደበቀው!»

አለበል የድረስን እጅ ፈታና በዚያው ገመድ አብዱልቃኒን አሰረው። ድረስ ለማመስገን አፉን ከፍቶ የሰዉን ፊት ሲያይ ተወው። የልጆቹን አባት ማትረፉ አለበልን ደስ ሊያሰኘው ይገባ ነበር፤ አልሆነለትም።

ቃሬዛው ሲነሣ አብዱልቃኒ የታሰረ እጁን ዘረጋ። «አንዴ ልሸከመው። እስከ በሩ ብቻ።»

«እንዳይነካው!» አሉ ሼህ ሙነወር።

የቀድሪያ ክፍል በር ክፍት ነበር። እማማ መርየም ከውስጥ ሆነው ሁሉንም ሲሰሙ ቆይተዋል።

«ተዉት» አሉ። «ወንድሙን ይሸከም። እሱ ሲሞት የሚሸከመው ወንድም የለውም።»