ሰባ አንደኛው ደቂቃ

«ዱላ አይገባም» አለ ስታዲየሙ በር ላይ የቆመው ፖሊስ።

«ዱላ አይደለም» አለች ጂቱ። «ዓይነ ስውር ነው፤ መንገድ የሚሄድበት ነው።»

ፖሊሱ ቦጂያን ከላይ እስከ ታች አየው። ክፉ ሰው አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ቀበቶ ሲያስፈታ፣ ጃንጥላና የውሃ ጠርሙስ ሲቀበል የዋለ፣ እግሩ የዛለ ሰው ነበር። እንጨትም ብረትም እንዳይገባ መታዘዙን፣ ሲወጣም ዕቃው እንደሚመለስለት ተናገረና ነጩን በትር ከቦጂያ እጅ ተቀብሎ አጥሩ ሥር በተከመረው ኮተት ላይ ወረወረው።

ቦጂያ ጆሮውን አቁሞ በትሩ የወደቀበትን ቦታ አዳመጠ። «በስተቀኝ ነው፤ ብረት ላይ ነው ያረፈው» አለና እጁን በጂቱ ትከሻ ላይ አደረገ። «በይ እንግባ፤ ኳሱ እኛን አይጠብቅም።»

ጂቱ ግን ቀና ብላ ማየት አቃታት። በትሩ በማን ጥፋት እንደተወሰደ ከፖሊሱም ከቦጂያም ይልቅ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ሁለቱ የዘጠነኛ «ለ» ተማሪዎች ናቸው። ቦጂያ በሰባት ዓመቱ ከአምቦ ገጠር መጥቶ ሰበታ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማረ በኋላ ነው ከእነ ጂቱ ጋር የተቀላቀለው። በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ጮክ ብለው የሚያነቡትን ሰምቶ «ቲቸር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ኔጌቲቩ ቀርቷል» አላቸው። መምህሩ ዞር ብለው አዩት፣ ሰሌዳውን አዩት፣ ከዚያ ኔጌቲቩን ጨመሩት። ክፍሉ በሙሉ አፉን ያዘ።

የኳስ ፍቅሩ ደግሞ ከሒሳቡ ይብሳል። የሚደግፉት ሰበታ ጮራ ትንሽ ክለብ ስለሆነ ጨዋታውን የሚያስተላልፍ ሬዲዮ የለም። ስለዚህ ጂቱና ቦጂያ የራሳቸውን ዘዴ አበጁ። የቦጂያ ግራ መዳፍ ሜዳው ነው። የእጁ አንጓ የጮራ ግብ፣ የጣቶቹ ጫፍ የተጋጣሚ ግብ፣ አውራ ጣቱ በኩል የክብር ትሪቡኑ፣ ከትንሿ ጣቱ ሥር ደግሞ እነሱ የሚቀመጡበት፣ «ጎሚስታ ጥግ» የሚባለው የደጋፊዎች ቦታ። የጂቱ ሌባ ጣት ኳሱ ነው። ኳሱ ሲሮጥ ጣቷ ይሮጣል፤ አፏ የተጫዋቹን ስም ብቻ ይጠራል። «እጅ ለእጅ ተያያዙ» ብለው ሙድ ሊይዙባቸው የሞከሩ የክፍል ልጆች ነበሩ። ቦጂያ «ና መዳፍህን ስጣት፤ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ዛሬ ይገባሃል» ሲላቸው ተዉት።

ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ያየችውን ብቻ መናገር። አንድ ጊዜ ጮራ ላይ ፔናልቲ ሲሰጥ ጂቱ ብሽቅ ብላ «ምንም አልነካውም፤ ዳኛው ቀሽም ነው» አለችው። ቦጂያ ግን «ጂቱ፣ እዚህ መዳፍ ላይ ዳኛም ደጋፊም አይደለሽም፤ ዓይን ነሽ። ነካው ወይስ አልነካውም?» ሲል ጠየቃት። ነክቶታል። ከዚያ ወዲህ ዋሽታው አታውቅም፣ ከአንድ ቀን በቀር።

ያ ቀን ከአምስት ሳምንት በፊት ነበር። በሰባ አንደኛው ደቂቃ ጮራ ያገባው ግብ ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ተሻረ፤ ደጋፊው ጮኸ። ጂቱ ዞር ስትል ታላቅ ወንድሟ ዲሪርሳ፣ መላው ጎሚስታ ጥግ በምቱ የሚዘፍንለት ከበሮ መቺ፣ ከበሮውን ጥሎ ስባሪ ኮብልስቶን ሲወረውር ዓይኗ እጁ ላይ አረፈ። ድንጋዩ የመስመር ዳኛውን ትከሻ መታው። ሜዳው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

«ምን ሆነ?» አለ ቦጂያ።

«ድንጋይ ተወረወረ» አለች ጂቱ። «ከእንግዶቹ በኩል ነው መሰለኝ።»

ቦጂያ የሰማውን ለአጠገቡ ሰው ነገረ፤ እሱም ለሚቀጥለው። ቦጂያ ሐሰት እንደማያወራ ሁሉም ያውቃልና በማግስቱ ደጋፊው በሙሉ ድንጋዩ ከእንግዶቹ መምጣቱን በአፉ ሙሉ ይናገር ነበር።

መዘዙ ግን ለእንግዶቹ አልተረፈም። ቀድሞ ሜዳውን የሚጠብቁት አሥራ ሁለት ፖሊሶች ነበሩ፤ ደጋፊውን በስም የሚያውቁ፣ ጎል ሲገባ ፈገግታቸውን በኮፍያቸው የሚደብቁ። አሁን የብረት ቆብ የደፉ ስልሳ ሆኑ። ከበሮ ተከለከለ፤ ቀበቶ ማስፈታት መጣ። ይባስ ብሎ የፖሊሶቹን አበል ክለቡ እንዲሸፍን ተወሰነ፣ ክለቡም ትኬት ላይ ጨመረው። የተማሪ ግማሽ ዋጋ ቀረ፤ የታዳጊዎቹ ቡድን አውቶቡስ ቆመ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያለ ደጋፊው ተማረረ፤ የሚፈተሸውም ከፋዩም እሱ ራሱ ሆነና።

በትሩ በር ላይ በተወሰደበት እሑድ ጮራ ሁለት ለአንድ አሸነፈ። ሲወጡ ከኮተቱ መሃል የቦጂያን በትር ያገኘችው ጂቱ ነበረች፤ ሰው ረግጦት ለሁለት ተሰብሯል። ቦጂያ ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰና «አሸንፈን ነው የተሰበረው፤ ተሸንፈን ቢሆን ኖሮ ያናድድ ነበር» ብሎ ሳቀ። ጂቱ እስከ ቤቱ በር አደረሰችው።

ማክሰኞ ዕለት ኦቦ ቢቂላ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ጂማ መንገድ ላይ ሠላሳ ዓመት የከባድ መኪና ጎማ የጠገኑ ጎሚስታ ናቸው፤ ያረጁ ጎማዎችን መሬት ውስጥ እስከ ግማሽ ቀብረው ለደጋፊው መቀመጫ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ጥጉም በሙያቸው የተጠራው ለዚህ ነው። የደጋፊዎች ማኅበሩ ሊቀ መንበር እንደመሆናቸው ሐሙስ ከሰዓት በከተማው አዳራሽ ከፖሊስ ጋር ውይይት መኖሩን ነገሯቸውና ቦጂያን እጁን ያዙት። «እኔ ስናገር ቶሎ ደሜ ይፈላል ልጄ። አንተ ተናገርልን» አሉት።

ቦጂያ ንግግሩን በብሬል በስቶ በእረፍት ሰዓት ለጂቱ አነበበላት። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ጥያቄው በልክ፣ ቃሉ ያለ ስድብ። አንድ መስመር ላይ ግን ጣቱ ዘገየ፤ «ድንጋዩ ከእኛ በኩል አልተወረወረም» ይላል። ጂቱ ጥሩ ነው አለችው።

ማታ ሲወረውር ማየቷን፣ ቦጂያም ሳያውቅ ሐሰት ሊናገር መሆኑን ለዲሪርሳ ነገረችው። ዲሪርሳ ጋራዥ ይሠራል፤ የመጀመሪያዋን ቢጫ ማሊያ የገዛላት፣ ገና በስድስት ዓመቷ ትከሻው ላይ አድርጎ ሜዳ ያስገባት እሱ ነው። መጀመሪያ ቆጣ አለ፣ ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ከታወቀ ዕድሜ ልክ ስታዲየም አልገባም። ደጋፊውስ ምን ይለኛል? ሼም ነው ጂቱ። በቃ ተይው፣ ይረሳል» አላት። የወረወረበትን ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ነበር። ጂቱ አዘነችለት፤ እያዘነችለትም ተናደደችበት።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ዲሪርሳ የተከለከለውን ከበሮ ጉልበቱ ላይ አድርጎ መጨረሻው ረድፍ ተቀምጧል። ጂቱና ቦጂያ ከፊት ናቸው፤ ቦጂያ በበትሩ ፋንታ የመጥረጊያ እጀታ ይዟል።

መጀመሪያ የተናገሩት ኢንስፔክተር ኡርጂ ነበሩ፤ ጸጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ድምፃቸው የማይጮህ ሴት። የፖሊሶቹም የእሑድ ዕረፍት እንደቀረ፣ የዳኛው ትከሻ ገና እንዳልዳነ አስረዱ። «አንድ ሰው ወረወረ። ማን እንደሆነ የሚነግረን ስናጣ ሁላችሁንም ፈተሽን። እኔም አልወደድኩትም» አሉ። ኦቦ ቢቂላ ተነሥተው ስለ ትኬቱና ስለ ልጆቹ አውቶቡስ ተናገሩ፤ እንደፈሩትም ደማቸው ፈላ። ሰው አጨበጨበላቸው። ከዚያ የቦጂያን ስም ጠሩ።

ቦጂያ ሊነሣ ሲል ጂቱ እጁን ያዘችው።

«መዳፍህን ስጠኝ» አለችው በሹክሹክታ።

«አሁን?»

«ሰባ አንደኛው ደቂቃ ነው።»

ቦጂያ ግራ እጁን ዘረጋላት። ጂቱ ጣቷን ከትንሿ ጣቱ ሥር፣ ጎሚስታ ጥግ ላይ አስቀመጠች። ቀስ ብላ ወደ ሜዳው መስመር ሳበችውና ዳኛው የቆመበት ቦታ ላይ አቆመችው።

«ከእኛ» አለ ቦጂያ።

«ከእኛ። አይቻለሁ። ዋሸሁህ።»

ከኋላ ሰው ማጉረምረም ጀምሯል። «ያን ቀን ጣትሽ ቆሞ ነበር» አለ ቦጂያ። «ሜዳው ጸጥ ከማለቱ በፊት ቆመ። ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ።»

«ማን እንደሆነ...»

«እሱን አልጠየቅኩሽም» አለና ተነሣ።

በመጥረጊያው እጀታ ወለሉን እየነካ ወደ ፊት ሄደ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ፤ ያቺ መስመር ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ከዚያ እጁን ከወረቀቱ ላይ አነሣ።

«ድንጋዩ ከእንግዶቹ መጣ ብዬ መጀመሪያ ያወራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ትክክል አልነበረም። የመጣው ከእኛ ጥግ ነው። ይቅርታ።»

አዳራሹ ታመሰ። «ሸጠን» ያለ ሰው ነበር። ኦቦ ቢቂላ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ቦጂያ ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቀና በዚያው ድምፅ ቀጠለ።

«ግን አንድ ድንጋይ አንድ እጅ ነው የወረወረው። በሩ ላይ በትሬን ሲወስዱብኝ ጨዋታውን አልከለከሉኝም፤ እሱን በመዳፌ አየዋለሁ። የከለከሉኝ ወደ ቤቴ መሄዴን ነው። ከስልሳ የማያውቁን ፖሊሶች በስም የሚያውቁን አሥራ ሁለቱ ይሻሉናል። እነሱ ይመለሱ፤ እኛም እርስ በርሳችን እንጠባበቅ።»

ያጨበጨበ አልነበረም። ኢንስፔክተር ኡርጂ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «የበትሩ ጥፋት የእኛ ነው፤ ይተካል» አሉ። «የአሥራ ሁለቱንም ነገር ከአለቆቼ ጋር እነጋገራለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። ከእናንተ ጥግ መምጣቱን በምን አወቅክ?»

«ዓይኔ ነገረኝ» አለ ቦጂያ።

«ማን ነው ዓይንህ?»

«እሱን አልናገርም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከኋላ ረድፍ አንዱ «የፖሊስ ጆሮ ጠቢ!» ብሎ ሰደበው። ቦጂያ ስድቡ ወደመጣበት ፊቱን አዞረ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የመጥረጊያ እጀታ ይዞ ብቻውን ቆሟል፤ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው። ጂቱ እንደዚያን ቀን ሰውን አክብራ አታውቅም። እሷ የፈራችውን ሁሉ እሱ ምንም ሳያጠፋ ተሸክሞት ነበር።

ተነሣች። ሰው ወደ ፊት የምትሄድ መስሎት መንገድ ለቀቀላት፤ እሷ ግን ወደ ኋላ፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሄደችና ዲሪርሳ አጠገብ ተቀመጠች። ወንድሟ አላያትም። የከበሮውን ቆዳ አፍጥጦ እያየ ነበር።

«ከተነሣህ አብሬህ እነሣለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «ካልተነሣህም እነሣለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ሌላ የሚናገር እንዳለ ጠየቁ።

ዲሪርሳ ከበሮውን ከጉልበቱ ላይ አውርዶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ጂቱ ቀኝ እጁን ያዘችለት፤ አብረው ተነሡ።