ከምሳ በኋላ የሚወርደው ጥቀርሻ

ይህን ስጽፍ ማንንም ለማስፈራራት ብዬ አይደለም። የደረሰባትን ሴት አውቃታለሁ። የነገረችኝም እሷው ናት። እሷና ባሏ ይህ የሆነበትን ቤት ለቀው ከወጡ አሁን አራት ወራቸው ነው።

ቦታው ዲላ ነው። ወሩ የካቲት።

ሰዓቱ... ከቀኑ ስምንት ተኩል። ጠራራ ፀሐይ።

ትንቢት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ከባሏ ከሲላስ ጋር የምትኖረው ከተማው ዳር፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እየፈላ ከሚጣራበት ፋብሪካ አጠገብ ነበር። ሲላስም እዚያው ምድጃው ላይ ይሠራ ነበር።

የፋብሪካው ጥቀርሻ ሰፈሩን አስመርሮት ነበር። የታጠበ ልብስ ላይ፣ እንሰቱ ላይ፣ የሕፃናት አፍንጫ ውስጥ... የማይገባበት የለም። በመጨረሻ ነዋሪው ጮኸና ፋብሪካው ተዘጋ።

ሰማዩ ጠራ። ሰዉም ልብሱን ውጪ ማስጣት ጀመረ።

የትንቢት መኝታ ቤት ብቻ...

ማታ ስትገባ የትራሷ ስፌት ውስጥ ጥቁር ብናኝ ታገኛለች። ስታሸተው የተቃጠለ ዘይት ነው።

መስኮቱን ዙሪያውን በፕላስተር አሸገችው።

በማግስቱም አለ።

ያኔ ነው የሲላስን እጅ ያየችው። ሥራ ከፈታ ሳምንት አልፎታል። ጥፍሮቹ ግን አሁንም ጥቁር ናቸው።

"የት ነው የምትውለው?"

"ቡሌ ወረዳ። ወንድሜን እያገዝኩት።"

ይህን ሲል ፊቷን አላየም።

ሀምዲያ የምትባል የዲላ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ነበረች። አየር ላይ ያለውን ብናኝ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ በየቤቱ ታስቀምጣለች። ትንቢት ለምና መኝታ ቤቷ አስገባችው። በሦስተኛው ቀን ሀምዲያ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች።

"ቲቸር... ውጪው ንጹሕ ነው፣" አለቻት በሹክሹክታ። "መኝታ ቤትሽ ግን በየቀኑ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብናኙ ይብሳል።"

"በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ማንም የለም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"



ሲላስ ዘይት ደብቆ ያቃጥላል? ወይስ ሰው ያስገባል? ከሁለቱ የቱ እንደሚሻላት አላወቀችም።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዳ ወጣች። ስትደርስ የውጪው በር ገርበብ ብሏል።

ሲላስ መኝታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል። በእጁ እርጥብ ጨርቅ ይዟል።

"ቡሌ ነኝ አላልክም?"

"ቀስ... ድምፅሽን ቀንሺ።"

"ማን አለ ውስጥ?"

"ማንም። በየቀኑ ሳትመጪ ጥቀርሻውን የምጠርገው እኔ ነኝ። እንዳትፈሪ ብዬ..."

"ምኑን ነው የምፈራው?"

ሲላስ ወደ መኝታ ቤቱ ዞረ። በሩን በጣቱ ገፋ አደረገው።

ጥቀርሻው እየወረደ ነበር።

ከጣሪያው አይደለም። ከመስኮቱም አይደለም። ከየት እንደሚመጣ አይታይም። እንደ ተነፋ ዱቄት፣ ያለ ምንም ድምፅ... ወለሉ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ነጩ አንሶላ ላይ።

አንሶላው መሐል ላይ ግን አንዲት ቅንጣት አላረፈችም።

ትንቢት አንገቷን አሰገገች።

ነጩ ቦታ ራስ አለው። ትከሻ አለው። ሁለት እግር...

በጀርባው የተኛ ሰው ልክ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ሁልጊዜ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያቆማል።"

"ሲላስ... እንውጣ።"

"ቆይ።" ክንዷን ጭምድድ አድርጎ ያዛት። "እጁ... ከጎኑ አልነበረም?"

አየች።

እጁ የነበረበት ቦታ ቀስ በቀስ እየጠቆረ ነው። አሁን ነጩ ክንድ እስከ አልጋው ጠርዝ ድረስ ተዘርግቷል። ወደ በሩ። ወደ እነሱ። ጫፉ ላይ ጭብጥ ያለ ቡጢ አለ።



ከዚያ... ጥቀርሻው መሐል፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ።