የተቀረቀረው መጋዝ

ልብስ ሰፊዋ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ፣ መጥረቢያውን ወገቧ ላይ ሻጥ አድርጋ ከግቢ ስትወጣ ጭጋጉ ገና ከተራራው አልተነሳም። ባሏ ከተኛበት በመስኮት ጮኸ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይቅርብሽ! ተመለሺ!»

ዞር ብላ አላየችውም። ካየችው ሆዷ እንደሚባባ ታውቃለች።

ነፋስ የጣለውን ትልቅ የደረቀ ዛፍ ሲቆርጥ ግንዱ ተንከባሎ እግሩን ሰብሮታል፤ መጋዙም እዚያው ግንዱ ውስጥ ቀርቷል። ጎረቤት ተሸክሞ ካወረደው ወዲህ ምድጃቸው አልሞቀም፤ እንጨት ሻጩም መንገዱ ተበላሸ ብሎ ቀርቷል። ብርዱ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ባሏ ቁርጡን ነግሯታል፦ ብርዱ ሳይገባ እንጨት ካልተከመረ ቤታቸውን ዘግተው ሩቅ ከተማ ወንድሙ ዘንድ ሊጠጉ ነው። በሰው ቤት ጥግ ይዞ፣ የሰው ፊት እያዩ መብላት! ይህን ከማየት ተራራውን በጥርሷ ብትቦጭቀው ይቀላት ነበር።

አብራት የወጣችው የባሏ ታላቅ እህት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የኖረች ክንደ ብርቱ። ሁለቱ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ዓይንና ናጫ ናቸው።

«የመጣሁት ለወንድሜ ብዬ ነው፤ ላንቺ እንዳይመስልሽ» አለች እህትየዋ።

«እኔስ መቼ ጠራሁዎት እትዬ? ይልቅ መጎተቻውን ይያዙ።»

መጎተቻው ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ላይ ርብራብ የተመታበት ነው። ባዶውንም ቢሆን ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያሳጥራል። ከታች ያለውን ወንዝ በድንጋይ በድንጋይ ዘለው ተሻገሩ። ዳገቱን እንዳጋመሱ ሰማዩ ተናደ። በረዶው ዓለቱ ላይ እየነጠረ ፊታቸውን ሲገርፈው መጎተቻውን ገልብጠው ከሥሩ ተኮራመቱ። ልብስ ሰፊዋ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ገና ሳያባራ ተነስታ መጎተት ጀመረች። እህትየዋ እየረገመች ተከተለቻት።

ጫካው አፍ ላይ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። ግልገሎቿን ያስከተለች ከርከሮ ጭንቅላቷን ደፍታ ተወረወረችባቸው። ልብስ ሰፊዋ መሸሽ ትታ መጎተቻውን በመጥረቢያው ጀርባ ትደበድበው ገባች። ጫካው አስተጋባ። ከርከሮዋ ደንብራ ታጠፈችና የልብስ ሰፊዋን ቀሚስ ቀድዳ፣ በጎኗ አልፋ ተፈተለከች። ልብስ ሰፊዋ እህትየዋን ፈልጋ ዞር ስትል ሴትዮዋ ትልቅ ቋጥኝ አናት ላይ፣ አንድ ጫማዋን ጥላ ቆማለች።

«እትዬ፣ ዳገት ጉልበቴን ያመኛል አላሉኝም ነበር?»

«ዝም በይ! ጫማዬን አቀብዪኝ!»

ዛፉ ጋ ሲደርሱ ግን ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ሁለት ከሰል አክሳዮች፣ አንዱ ረጅም አንዱ ድብልብል፣ ቅርንጫፉን መልምለው ጨርሰው ግንዱ ውስጥ የተቀረቀረውን መጋዝ ይጎትታሉ።

«ባሌ የጀመረው ዛፍ ነው። መጋዙም የሱ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ረጅሙ ላቡን ጠረገ። «እኛ ስንታገለው ዋልን። ካወጣሽው ግንዱም ያንቺ ይሁን።»

«ካላወጣሁትስ?»

«መጥረቢያሽን ትተሽ እጅሽን አጣጥፈሽ ትወርጃለሽ።»

እህትየዋ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «አብደሻል? ከዚያ በምን ልንቆርጥ ነው?»

«እሺ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው።

ጎተተች። ወዘወዘች። እግሯን ግንዱ ላይ አስደግፋ ሳበች፤ መጋዙ ንቅንቅ አላለም። ሰዎቹ ተሳሳቁባት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የባሏ ወንድም ሚስት በር ላይ ቆማ «ግቡ እንጂ» ስትላቸው ታያት። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። ግንዱ በሁለት ጫፉ ድንጋይ ላይ ተኝቷል፤ መሃሉ አየር ላይ ነው። በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ረግቦ መጋዙን ከላይ ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። ይህንንማ ታውቀዋለች! ወፍራም ብርድ ልብስ ከጠረጴዛ ተንጠልጥሎ ሲቆረጥ መቀሱን ይይዛል፤ ከሥሩ በእጅ ደገፍ ሲያደርጉት ይለቃል።

ረጅም አጣና ፈልጋ ከግንዱ ሥር ሰደደች፤ ከአጣናውም ሥር ድንጋይ አስደገፈች።

«እትዬ፣ ጫፉ ላይ ይቀመጡበት።»

«ልቀመጥበት?»

«በሙሉ ኃይልዎ!»

እህትየዋ ዘጭ አለችበት። ግንዱ አቃሰተ፣ ስንጥቁ አፉን ከፈተ፤ ልብስ ሰፊዋ መጋዙን መንጭቃ በጀርባዋ ወደቀች።

ድብልብሉ ፊቱ ጠቆረ። ከወገቧ የወደቀውን መጥረቢያ ሊያነሳ እጁን ሲሰድ እህትየዋ አጣናውን ይዛ መሃል ገባች።

«ሞክራታ!»

«ተው አንተ፣ ቃል ቃል ነው» አለ ረጅሙ። ቅርንጫፋቸውን ተሸክመው እያጉረመረሙ ሄዱ።

ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው መጋዙን ግራና ቀኝ ሳቡት። ጉማጁን በሁለት ድርብ ጫኑ፤ የታችኛውን ለብቻ፣ የላይኛውን ለብቻ አሰሩ። ቁልቁለቱ ላይ መጎተቻው እነሱን ይጎትታቸው ጀመር። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጠዋት የረገጧቸው ድንጋዮች የሉም፤ በረዶው ቀልጦ ውሃው ደፍርሶ ሞልቷል።

«ይደር» አለች እህትየዋ።

«እስከ ነገ ማን ይተውልናል?»

ገቡ። መሃል ላይ ውሃው ጭነቱን ገፋው። ገመዱ እህትየዋ የእጅ አንጓ ላይ ተጠምጥሞ ሴትዮዋን እስከ አንገቷ ነከራት።

«ልቀቂ!» ጮኸች ልብስ ሰፊዋ።

«አለቅም! የወንድሜ ቤት ነው!»

«እንጨቱ ገደል ይግባ! አንቺን ነው የምፈልገው!»

ልብስ ሰፊዋ ከወገቧ መጥረቢያውን መዝዛ የላይኛውን ማሰሪያ በጠሰችው። ግማሹ ጉማጅ ተንሳፍፎ ሄደ። ጭነቱ ሲቀልላቸው ጥርሳቸውን ነክሰው የቀረውን ወደ ዳር አወጡት። ጭቃው ላይ ተዘርረው ተነፈሱ።

«አንቺ አልሽኝ እኮ» አለች እህትየዋ።

«አምልጦኝ ነው፣ ይቅርታ እትዬ።»

«መልሰሽ እርስዎ ካልሽኝ ተመልሼ ወንዙ ውስጥ ነው የምገባው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢ ደረሱ። ባሏ በምርኩዝ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጭቃቸውን አየ፣ ጭነቱን አየ፤ አንገቱን ደፋ።

«ለብርዱ ሁሉ አይበቃም።»

«አይበቃም» አለች እህቱ። «ግን ግንዱ የኛ ነው። ነገም እንሄዳለን፣ ከነገ ወዲያም። ለወንድማችን አንመጣም ብለህ ላክለት።»

ባሏ ሚስቱን ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ምድጃው ተያያዘ። ልብስ ሰፊዋ ስትታገልለት በዋለችው ቤት ውስጥ፣ በገዛ እሳቷ ፊት ተቀመጠች። ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን እግሯን አላስቀመጠውም። ግድግዳው እንደ ጠበበ ልብስ ትከሻዋን ያዛት። ሞረዱን አንስታ ወጣችና የመጋዙን ጥርስ ትስል ጀመር።

«ቤትሽን አትርፈሽ ደጅ ልታድሪ ነው?» አለ ባሏ ከውስጥ።

እሷ ቀና ብላ ወደ ተራራው አየች። ጭጋጉ ተነስቶ፣ ከሚያውቁት ጋራ ኋላ ሌላ ጋራ ወጥቷል።

«እትዬ፣ ከዚያ ማዶ ምን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ? እዚያ የሄደ ሰው አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ የመጋዙን ስለት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«እንግዲያ ነገ ቀደም ብለን እንውጣ።»