በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል

ጥፋቱ የጀመረው ከብሎን ነው።

ሰፈሩ «ጠጋኙ» የሚለው የስልክ ሠራተኛ የአንዱን ስልክ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ሦስት ብሎኖች በከንፈሮቹ መሃል ይዞ አቀርቅሯል። ዕቃ አፉ ውስጥ እንዳይዝ ታላቅ እህቱ ሺህ ጊዜ ነግራዋለች፤ ግን ማን ሰምቶ። በዚህ መሃል አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆማ ሰላም አለች። ዝም አላት። ደግማ ሰላም አለች። አሁንም ዝም።

«እዚህ ቤት ሰላምታ አይመለስም እንዴ?» አለች።

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ብሎኖቹ ጠረጴዛው ስር ተበተኑ። ልጅቷ የሆነው ሲገባት ቦርሳዋን አስቀምጣ በርከክ አለች። እሱም ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ። በሽቦና በአቧራ መሃል ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአራት እግራቸው ብሎን ሲፈልጉ ቆዩ። ሁለቱን እሱ አገኘ። ሦስተኛውን እሷ በጣቷ ጫፍ ለጥፋ ስታነሳው ፊት ለፊት ተያዩ... በቃ፣ ልቡ ድንግጥ አለ። ጸጉሯ ላይ ነጭ የስፌት ክር ተጣብቋል። ከሁሉም ነገር ያችን ክር ነው ያየው፤ ሰው በምን እንደሚያዝ ማን ያውቃል።

ከጠረጴዛው ስር ሲወጡ ከጨርቅ ከተሰፋ ማኅደር ውስጥ ጥጉ የተሰነጠቀ አሮጌ ታብሌት አወጣች። ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። የሕፃናት ልብስ የሚሰፋበት ቤት ቅድ አውጪ ናት፤ ጨርቁ የሚቆረጥበትን ንድፍ ትስላለች። አራት ዓመት የስፌት መኪና ላይ ጎብጣ ከርማ፣ ባለቤቱ ሥዕሎቿን አይተው መስኮቱ አጠገብ ካለው የቅድ ጠረጴዛ ያስቀመጧት ገና ስምንት ወሯ ነው። ቅዱን የምትስለው በዚህ ታብሌት ነው። አሁን ግን ቤቱ ወደ አዲስ የመሳያ አፕ ሊዞር ነው፤ አፑ ደግሞ አዲሱ ሶፍትዌር ካልተጫነ አይከፈትም። አዲሱ ሶፍትዌር ሊለቀቅ ነው እየተባለ ይወራል። ለእሷ ታብሌት ይመጣል ወይ? እንደዚህ ያለውን ነገር የሚያውቅ ካለ እሱ ነው ብለው ነው የሥራ ባልደረቦቿ የላኳት።

እውነቱን ለመናገር ጠጋኙ አያውቅም ነበር። ግን ልጅቷ ፊቱን ፊቱን እያየችው «እንጃ» ማለት አንጀቱ አልቻለም።

«ይመጣል» አላት። «በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ቅዳሜ ብቅ በይ።»

እንደሄደች ወዲያው የአምራቹን ገጽ ከፍቶ አዲሱን ሶፍትዌር የሚያገኙትን ዕቃዎች ዝርዝር አነበበ። ከላይ ወደ ታች አነበበ፤ ከታች ወደ ላይ አነበበ። የእሷ የለም። ዕድሜው አልፏል። ቅዳሜ ስትመጣ እነግራታለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ።

ቅዳሜ መጣች። ከደረጃው ጀምራ ፈገግ ብላ ነበር የመጣችው። እስቲ በዚህ ፊት ላይ ማን ደፍሮ «አይመጣም» ይላል? ትንሽ ዘግይቷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል አላት። ይህችኛዋ እንግዲህ ውሸት ናት። ግን ምንም ጉዳት የሌላት፣ ሰውን ለሳምንት ብቻ የምታዋስ ትንሽ ውሸት መሰለችው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት የሚባለው ነገር ለጠጋኙ ሌላ ቀለም ያዘ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ጸጉሩን ያርሳል፤ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ይወለውላል። እዚያው ሱቁ ማዕዘን ላይ ፎቶ ኮፒ የምታነሳው እህቱ በሳቅ ትፈርሳለች። ልጅቷ ትመጣና አጠገቡ ትቀመጣለች። ስለ አዲሱ ሶፍትዌር የሰማችውን ሁሉ ታወራለታለች። ተጣሞ የተሳለ መስመር ራሱን ያቃናል አሉ። ወረቀት ላይ ጠፍጣፋ የሆነው ቅድ ልጅ የለበሰው መስሎ ይቆማል፣ ይዞራል፣ እጅጌው ሲንቀሳቀስ ይታያል አሉ። ይህን ስትናገር ዓይኗ ከክፍሉ ወጥቶ ይሄዳል። ልትስላቸው የምታስባቸውን ካፖርቶች፣ ለዝናብ ቀን የሚሆን ባለ ትልቅ ኪስ ካባ፣ ለሚፈሩ ልጆች ፊት መደበቂያ የሚሆን ሰፊ ኮሌታ አንድ በአንድ ትነግረዋለች። እሱ አገጩን ተደግፎ ይሰማል። ውጪ መኪና ይጮሃል፣ ሰው ይጣራል፤ እነሱ ዘንድ ግን የሚሰማው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው።

ከዚያ አብረው ታብሌቱ ላይ ያጎነብሳሉ። እሷ «አፕዴት ፈልግ» የምትለዋን ቁልፍ ትነካለች። ትንሿ ክብ መሽከርከር ትጀምራለች። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ምን ጉድ ነው? እንደማይመጣ ከማንም በላይ የሚያውቀው ጠጋኙ፣ ክቧ እስክትቆም ድረስ ይመጣል ብሎ ተስፋ ሲያደርግ ራሱን ያገኘዋል።

«ገና ነው» ትላለች ቀስ ብላ።

«በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል እሱ።

እህቱ አንድ ቀን ልጅቷ ከወጣች በኋላ ማሽኑን አጥፍታ መጣችበት። ለሰፈሩ አስተማሪ «የእርስዎ ስልክ አይቀበለውም፣ አይድከሙ» ብሎ ፊት ለፊት ሲነግራቸው ሰምታለች፤ ለታክሲ ነጂውም እንደዚያው። ታዲያ ለዚህች ልጅ ብቻ በየሳምንቱ የሚዘገየው ምን ዓይነት አፕዴት ነው? ጠጋኙ የተከፈተ ስልክ ወደ ራሱ ሳበ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ተው አንተ ልጅ» አለችው። «የሰው ተስፋ መጫወቻ አይደለም።»

እነግራታለሁ፣ እነግራታለሁ እያለ ስድስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። የዚያን ቀን ልጅቷ ደስ ብሏት፣ ትንሽም ኮራ ብላ ነበር የመጣችው። የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሰውዬ፣ ታብሌቱ አዲሱን ሶፍትዌር የማይቀበልለት ሠራተኛ ካለ ይመዝገብና ቤቱ ያስመጣለታል ብለው ነበር። ምዝገባው ትናንት ተዘጋ። ባልደረቦቿ ሁሉ ተመዘገቡ። እሷ ግን አልተመዘገበችም።

«የእኔማ ሊመጣ ነው፣ ለምን የሌላ ሰው ዕድል እሻማለሁ ብዬ ተውኩት» አለችው። «አፑ የሚጀምረው ሰኞ ነው። መቼም እስከ ሰኞ ይደርሳል አይደል?»

ጠጋኙ በያዘው ካቻቢቴ ላይ እጁ ደረቀ። የዋለው ውለታ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የታየው። ሰኞ አፑን መክፈት ያልቻለ ቅድ አውጪ ወደ ስፌት መኪናው እንደሚመለስ ራሷ ነግራዋለች። አሁንም በሚቀጥለው ሳምንት ቢላት ታምነዋለች። ያስፈራውም ይኸው ማመኗ ነው።

«አይመጣም» አላት።

«እስከ ሰኞ አይደርስም?»

«ጭራሽ አይመጣም። ለዚህ ታብሌት አይሠራም። ዝርዝሩ ውስጥ የለም።»

ጣቷን ከታብሌቱ ላይ አነሳች። መቼ እንዳወቀ ጠየቀችው።

«የመጀመሪያ ቀን። እንደሄድሽ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ብነግርሽ ተመልሰሽ አትመጪም ብዬ ነው» አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

አልጮኸችም። አላለቀሰችምም። ታብሌቷን ማኅደሩ ውስጥ ከታ ቦርሳዋን አነገተች።

«ልታየኝ ከፈለግክ ልይሽ አትልም?» አለችው። «እሺ እልህ ነበር እኮ...»

ወጣች። ጠጋኙ ውሃ ሆኖ ቀረ። ከዚያች የመጨረሻ ቃል የበለጠ ያቃጠለው ነገር የለም።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ለእህቱ ትቶ ስፌት ቤቱ ድረስ ሄደ። ልጅቷ ከኋላ ረድፍ፣ ከመኪናዎቹ መሃል ተቀምጣ የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ ትሰፋለች። የመስኮቱ ጠረጴዛ ባዶውን ነው። ጋሼ ዘንድ ቀርቦ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን፣ ልጅቷ ያልተመዘገበችው በእሱ ውሸት መሆኑን፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ ተናገረ። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት። ትዕዛዙ ሄዷል፣ ቀጣዩ ከሁለት ወር በኋላ ነው አሉት። የታዘዙት የሕፃናት ካፖርቶች ግን መድረስ አለባቸው፤ እንደ እሷ ቅድ የሚያወጣም የለም።

የራሱ ታብሌት አዲሱን ሶፍትዌር ይቀበላል፤ ትውሰደው ብሎ አቀረበ። ልጅቷ ከመኪናዋ ቀና ሳትል የእሱን ዕቃ እንደማትነካ ተናገረች። ጋሼ ራሳቸውን አከኩ። በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማሙ፤ እሷ እንደ ድሮው በወረቀት ላይ በእርሳስና በማስመሪያ ትስላለች፣ ሥራ ሲያልቅ ሱቁ ትሄዳለች፣ እሱ ወረቀቱን እያየ መስመር በመስመር አፑ ውስጥ ያስገባል። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና እሺ አለች።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለችው። «እኔን ደስ ለማሰኘት ብለህ አንዲት ቃል እንዳትናገር።»

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ትመጣለች፣ ወረቀቷን ትዘረጋለች፣ ወንበሯን ትንሽ ራቅ አድርጋ ትቀመጣለች። እሱ ይስላል። ሰላምታና ልኬት ብቻ ይነጋገራሉ። አንድ ቀን የካፖርት ቅድ ስታሳየው ዓይኑ ከወረቀቱ አልነሳ አለ። ምን ሆንክ አለችው። ላቡ መጣ።

«የግራው እጅጌ ከቀኙ ይረዝማል» አለ።

ተቆጥታ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካች። በግማሽ ጣት ይረዝማል። ቀና ብላ አየችውና፣ ልትደብቀው እየሞከረች፣ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሯ ራቅ ማለቱን ተወ።

ያ ሲጠበቅ የኖረው ሶፍትዌርስ? እሱ ነገር አይነሳ። የተጣመመ መስመር አያቃናም፤ እንዲያውም ቀጥ ያለውን ያጣምማል። ልጅ የለበሰው መስሎ የሚቆመው ምስል ጆንያ የለበሰ ይመስላል። ሲዞር አንገቱ ይቀራል። ባትሪው ደግሞ ቁጭ ብለው እያዩት ያልቃል። ልጅቷ ይህን ሁሉ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይሄን ነው ስድስት ሳምንት ሙሉ ያለምኩት?» አለች፤ ከዚያም ሁለቱም ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። እህቱ፣ የሚቀጥለው አፕዴት ሁሉንም ያስተካክላል እየተባለ ነው ብላ ከማዕዘኗ ጣልቃ ገባች። ልጅቷ ወደ ጠጋኙ ዞረች። እሱም አላውቅም አለ፤ ስለማያውቅ።

ሁለቱ ወር እንዴት እንዳለቀ ማንም አላስተዋለም። ካፖርቶቹ ተሰፉ። ወረቀቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ኪስ፣ ሰፊውን ኮሌታ፣ ጠጋኙ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መሳል ደረሰ። አመሻሹ ላይ ፀሐይዋ በበሩ ስትገባ፣ ጣቷ በወረቀቱ ላይ ሲሄድ የእሱ ጣት በመስታወቱ ላይ እየተከተለ፣ አንዳንዴ እስኪጨልም ይቀመጣሉ። ጠጋኙ ቀኑ እንዳይመሽ ይመኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ ግን ወረቀት ሳትይዝ መጣች። በእጇ አዲስ ታብሌት አለ። ጋሼ ያስመጡት ደርሶ፣ እሷም ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ ተመልሳለች። እስቲ እየው ብላ ሰጠችው።

ጠጋኙ አገላበጠው። ስክሪኑን ነካካ፣ ባትሪውን አየ፣ ሶፍትዌሩን ፈተሸ። እጁ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄደ። ለሁለት ቀን ተይልኝ፣ ላስተካክልልሽ ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጠው።

«ምን ይጎድለዋል?» አለችው።

«ምንም።»

«የሚስተካከል ነገር የለውም?»

«የለውም» አለ። «አዲሱ ሶፍትዌር አለው። ቀጥሎ የሚመጣውንም ይቀበላል። ለዓመታት እኔ ዘንድ የሚያመጣሽ ነገር የለም።»

ታብሌቱን መለሰላት። ተቀበለችው፤ ግን አልተነሳችም።

«ሌላስ?» አለች።

«ሌላማ... እወድሻለሁ።»

ልጅቷ ታብሌቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዚፑን ቀስ ብላ ዘጋችው። ጠጋኙ በዚያች ዚፕ ድምፅ ውስጥ ዕድሜው ያለቀ መሰለው።

«እንግዲያው ያለ ምክንያት እመጣለኋ» አለች።

እህቱ በማዕዘኑ ድንገት ተነሳችና ወረቀት አለቀብኝ ብላ ወጣች። ሁለት ሙሉ እሽግ ወረቀት ወንበሯ ስር ተቀምጧል። ጠጋኙ ግን አላየም፤ ልጅቷ እጇን እጁ ላይ አድርጋ ነበር።