ከምድጃው በታች ያሉት ቀዳዳዎች

በፊት ጥርሶቿ መሀል ባለው ክፍተት ምክንያት ቤተሰቡ ሁሉ «ፍንጭት» ይላታል። በእህቷ አዲስ ወጥ ቤት በደረቷ ተኝታ ድስቶቹን በየመጠናቸው ከምድጃው ሥር ወዳለው ቁምሳጥን ታስገባ ነበር። ትልቁን ድስት ወደ ጥግ ስትገፋው እጇ አንድ ለስላሳ ነገር ነካ። በስልኳ አበራች። አባቷ ከቁምሳጥኑ ወለል አጠገብ በተርታ የበሳቸው ቀዳዳዎች አንድም ሳይቀር በነጭ ሲሊኮን ተደፍነዋል።

«እትዬ! እነዚህን ማነው የደፈናቸው?»

እህቷ መስኮቱን መወልወሏን ሳታቆም፣ «እኔ» አለች። «አይጥ ገባብኝ። ደግሞ ሲያዩዋቸው ያስጠላሉ።»

«አባዬ እኮ...»

«አውቃለሁ፣ አባዬ እኮ። እንዳትነግሪው።»

አባታቸው ድንጋይ ቆራጭ ነው። ጥቁሩን ግራናይት ቆርጦ የጋዝ ምድጃውን መሀሉ ላይ የቀበረው ራሱ ነው። ሥራው ግን እሱንና እህቷን ሆድና ጀርባ አድርጓቸዋል። እህቷ ድንጋዩ ላይ የሚቆረጠው የምድጃው መግቢያ ጥጎቹ ሹል እንዲሆኑላት ፈለገች፤ እሱ «ሹል ጥግ ሙቀት ሲደጋገምበት ከዚያው ይሰነጠቃል» ብሎ ክብ አደረጋቸው። ምድጃውን ወደ ግድግዳው አስጠጋልኝ ስትለውም እንቢ አለ። ብትነዘንዘው ሠራተኞቹ ፊት ጮኸባት። እያለቀሰች ሄደች። ከዚያ ወዲህ ዛሬ ገና ነው ወደ ቤቷ የሚመጣው፤ ጋዙን ሊያገናኝላት።

«ጋዙ ቢያመልጥስ?» አለች ፍንጭት። «ከአየር ይከብዳል እኮ። ወደ ታች ነው የሚተኛው። መውጫ ካጣ እዚሁ ተጠራቅሞ እሳት ሲለኮስ...»

«አታካብጂ! አዲስ ዕቃ ለምን ያፈሳል?» ከዚያ ድምጿ ለዘብ አለ። ሕፃን ልጇ ወደተኛበት ክፍል ዓይኗን ጣል አደረገች። «ፍንጭቴ፣ ዛሬን ብቻ በሰላም እንዋል። በኋላ እኔው እከፍታቸዋለሁ። በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ፍንጭት ድስቶቹን ቀዳዳዎቹ ፊት ደረደረቻቸው።

አባታቸው ሲሊንደሩን ተሸክሞ መጣ። ከመስኮቱ ውጭ አስቀምጦ ቱቦውን ካገናኘ በኋላ ገብቶ ግራናይቱን በመዳፉ ዳበሰው።

«እሺ ንግሥቲቱ፣ ወደዱት ወይስ እንደገና ልቁረጥ?»

«ክብ ጥጉ ነው ለካ የሚያምረው» አለች እህቷ።

«ይኼ እንዲገባሽ ስንት ድንጋይ ፈጀሁ!»

ሁለቱም ሳቁ። እንዲህ አብረው ሲስቁ ፍንጭት ካየች ቆይታለች።

«ከታች ያሉትን ቀዳዳዎች አልነካችኋቸውም አይደል?»

«ኧረ ምን ልንነካቸው!» አለች እህቷ።

ቁምሳጥኑን እንኳ ከፍቶ አላየም። አመናት። በመስኮቱ እጁን ሰድዶ የሲሊንደሩን መክፈቻ ያዘ።

«አባዬ፣ ቆይ!» አለች ፍንጭት። ድምጿ ቀጥኖ ወጣ። «ተደፍነዋል።»

እህቷ ወለል ወለሉን ታያለች። ፍንጭት ጩኸቱን እየጠበቀች ትከሻዋን ሰበሰበች።

አባቷ እጁን ከመክፈቻው ላይ አነሳ። ተንበርክኮ ድስቶቹን አንድ በአንድ አወጣና ሲሊኮኑን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ለምን?»

«አይጥ...» አለች እህቷ።

«ለአይጥማ ወንፊት ሽቦ መኪናዬ ውስጥ አለልሽ። ብትነግሪኝ ወዲያው የሚያልቅ ነገር ነው።»

«ብነግርህ ትጮህብኛለህ ብዬ ነዋ።»

አባታቸው ሲሊኮኑን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው።

«እውነትሽን ነው» አለ፣ ለቁምሳጥኑ የሚነግር ይመስል። ተነስቶ ሽቦውን ሊያመጣ ወጣ።

እህቷ ቢላዋ አንስታ በደረቷ ተኛችና ሲሊኮኑን መፋቅ ጀመረች። ፍንጭት ከጎኗ ተኝታ አበራችላት።

«አሳባቂ» አለች እህቷ በሹክሹክታ።

ፍንጭት ስልኩን ወደ ቀጣዩ ቀዳዳ አዞረች።

«ወደ ቀኝ አብሪልኝ እንጂ፣ አይታየኝም።»

አባታቸው ሽቦውን ለክቶ ቆረጠላቸው። እህቷ ያዘች፣ ፍንጭት ብሎኖቹን አጠበቀች። የመጨረሻውን ስትጨርስ በሽቦው በኩል ቀዝቃዛ አየር ጉንጯን ነካው። ካቻቪቴውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።