የወረቀት ስልክ

«አነበብክ እኮ! በጆሮዬ ነው የሰማሁህ።»

«ማን? እኔ?»

«ለሽማግሌው ደንበኛህ የኳስ ገጹን ስታነብለት ነበር» አለችው ንዲኔላጎ።

ናታንግዌ በእጁ የያዘውን ጋዜጣ አየው። ስጋ ሊጠቀልልበት ነበር የያዘው፤ አሁን ራሱን ቢጠቀልልበት በወደደ።

«ፎቶውን አይቼ ገምቼ ነው።»

«ስንት ለስንት እንደወጡም ከፎቶው ነው?»

እዚህ ላይ ውሸቱ አለቀበት። አምስት ሳምንት ሙሉ የኖረበት ውሸት ነው፤ ማለቁ አይገርምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንዲኔላጎ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ናት። የምትማረው ሰውና ኮምፒውተር እንዴት እንደሚግባቡ ነው። ናታንግዌ መጀመሪያ ሲሰማ ሽምግልና መስሎት ነበር፤ ማን ነው ጥፋተኛው ብሎም ጠይቋታል። ለመመረቂያዋ በስልክ የክሊኒክ ቀጠሮ ማስያዣ እየሠራች ነው። ስልኩ ግን ገና የለም። ገጾቹን ወረቀት ላይ ስላ ናታንግዌ ስጋ ወደሚጠብስበት ካቱቱራ ገበያ ትመጣለች። ሰው ወረቀቱን በጣቱ ይነካል፣ እሷ ቶሎ ብላ ቀጣዩን ወረቀት ትዘረጋለታለች። ማሽኑ እሷ ናት ማለት ነው። ማሽን ደግሞ አይናገርም፣ አይጠቁምም፣ አይስቅም። የሚነካው ሰው ነው በሐሳቡ የመጣውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚናገረው።

የመጀመሪያ ቀን ናታንግዌ ካፓናውን፣ የገበያውን ጥብስ ስጋ፣ ፍም ላይ እያገላበጠ፣ በሐሳቤ የመጣውን ሁሉ ነው የምናገረው ብሎ አጣራ። አዎ፣ ሁሉንም፣ አለችው።

«አፍንጫሽ ላይ ዱቄት አለ።»

ማሽኑ ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ነከሰ። ናታንግዌ አለቀለት በቃ፤ ልቡ ያኔ ነው የሄደው። ቀጠሮውን የምታስይዘው የመጨረሻዋ ቁልፍ ፊት ለፊቱ ነበረች። ከነካት ግን ልጅቷ ወረቀቷን ሰብስባ ልትሄድ ነው! ጣቱን ወደ ሌላ አዞረና፣ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ማንበብ አልችልም አለ። ትምህርቱን ሰባተኛ ክፍል ላይ ቢያቆምም ማንበብን እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው።

እሷ በሳምንቱ ተመለሰች፤ ለሱ ብላ ቃላቱን አውጥታ በሥዕል ተክታቸው። እሱ ደግሞ ሆን ብሎ ተሳሳተ። እንደገና ሳለች። እንደገና ተሳሳተ። መሀል ላይ ቆመው ስጋውን በሚጥሚጣ እያጠቀሱ ይበላሉ፣ ያወራሉ። ስለ ሞተ ወንድሙ ነግሯታል፤ ለማንም ነግሮ አያውቅም። ዋሽቶ የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ችግሩ፣ ሌላው ሁሉ የቆመው በሱ ላይ ነው።

«ዓርብ ነው የማስረክበው» አለች ንዲኔላጎ። ድምጿ ዝቅ ብሏል፤ ከጩኸቱ ይሄ ባሰበት። «ማንበብ የማይችል ሰው ስላገኘሁ ሥራዬን በሙሉ ባንተ ላይ ነው የሠራሁት። ካወቁ ዓመቱን እደግማለሁ።»

«ማን ያውቃል? ዝም ብለሽ አስረክቢ።»

ስንት የሚባል ነገር እያለ እሱ ይሄን መረጠ።

«ማንበብ ሳይችል ክሊኒኩ በር ላይ የሚቀረው ሰው ያውቃል» ብላ ሄደች።

በማግስቱ ናታንግዌ ፍሙን አጥፍቶ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ ዩኒቨርሲቲ ገባ። መምህሯን ወይዘሮ ሺፓንጋን ፈልጎ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ አታውቅም ብሎ ተናዘዘ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። ልጅቷ ከሱ ቀድማ መጥታ እንደተናገረች፣ በሱ የሞከረቻቸውን ገጾች በሙሉ በገዛ እጇ እንደሰረዘች ነገሩት። እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥተዋታል። በእውነተኛ ሰው ካልሞከረችው ዓመቱን ትደግማለች።

ቅዳሜ ሜሜ ላህያን ይዞ ንዲኔላጎ ያለችበት ሄደ። ሜሜ እናት ማለት ነው፤ ገበያው ውስጥ አጠገቡ ዳቦ ጋግረው የሚሸጡ አሮጊት ናቸው፤ እውነትም ፊደል አይለዩም። ንዲኔላጎ እሱን እንዳላየች አለፈችውና አሮጊቷን ሰላም አለች። ቆየት ብላ ግን ወረቀቶቹን ወረወረችለት። እሷ ማስታወሻ ስትይዝ ማሽን የሚሆን ሰው ያስፈልጋታል።

«ትንፍሽ እንዳትል» አለችው።

ለናታንግዌ ከዚህ የከፋ ቅጣት አልተፈጠረም።

ሜሜ ላህያ ቀጠሮ ለመያዝ የሰዓቱን ሥዕል ነኩ። አይደለም። አልጋውን ነኩ። አይደለም። ግንባራቸው ላበ። መልሱ ናታንግዌ አፍንጫ ሥር ነው፤ ማሽን ግን አይናገርም። እሱ አላወቅኩም ብሎ ሲጫወት እየሳቀ ነበር። የምሩን የጠፋበት ሰው እንደዚህ እንደሚሆን አላሰበም...

«ይቅርታ ልጆቼ» አሉ ሜሜ ላህያ፣ ወረቀቱን እያዩ። «ጭንቅላቴ ደንዝዞ ነው እንጂ እናንተስ ደክማችኋል።»

ናታንግዌን ዓይኑን አቃጠለው። ጭሱ ነው እንዳይል ደግሞ ፍም የለም።

ንዲኔላጎ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የአሮጊቷን እጅ ያዘች። «ሜሜ፣ ጥፋቱ የርስዎ አይደለም። የሳልነው እኛ ነን፤ እኛ እናስተካክለዋለን።» ናታንግዌ በዚህ እኛ ውስጥ እሱ ይኑር አይኑር መጠየቅ አማረው፤ ማሽን ግን አይጠይቅም።

እሑድ አብረው ሲስሉ ዋሉ። ስለ ሥራው እንጂ ስለ ሌላ አላነሳችም። ሜሜን ባሳሳታቸው ሰዓት ፈንታ ነርስ ሣሉ። የገበያው ሴቶች ተራ በተራ ሞከሩት። ሜሜ ላህያ በአራተኛው ንክኪ ደረሱና፣ ጉልበቴን የምሬን ያመኛልና ቀጠሮው መቼ ነው ብለው አፋጠጧቸው። የወረቀት ስልክ መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ሰኞ ስታቀርብ፣ የተዋሸችውን ውሸትም ሳትደብቅ አቀረበችው። አለፈች።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ መጣች። ቁራጭ ስጋ ከፍሙ ላይ አነሳች። ናታንግዌ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«የዋሸሁት እንድትመለሺ ብዬ ነው» አለ። «ነገም ነዪ ማለት ይበቃ ነበር፤ ፈራሁ። የተማርሽ ነሽ፣ እኔ ስጋ ጠባሽ ነኝ። አሮጊቷን ላብ ሲያጠምቃቸው ሳይ ግን አፈርኩ። እንደዛ ዳግመኛ አልዋሽሽም። እወድሻለሁ... አንቺስ?»

ንዲኔላጎ አኘከች። ዋጠች። ጣቷን ጠረገች።

«አባቴ ቅዳሜ ከሰሜን ይመጣል» አለችው። «ልትተዋወቀው ስትመጣ ይሄን ስጋህን እንዳትይዝ። ጥርስ የለውም።»