ቢጫው ፊልትሮ

መቀሱ የቆርቆሮውን ወገብ ዞሮ ሳይጨርስ ሽታው መጣ። አልጣሽ እጇን ገታ አድርጋ አፍንጫዋን አስጠጋች። የመኪና ዘይት ሽታ አይደለም። የመኪና ዘይት ሽታማ ከቀሚሷ ለቆ አያውቅም። ይህኛው የሚሸተው እሳት ላይ ተረስቶ ያረረ የኑግ ዘይት ነው።

«አባቴ፣ እስቲ ይህንን ያሽትቱት።»

አባቷ ጓዴ በንፋስ መውጫ ገበያ ጥግ ቆርቆሮ ሠሪ ናቸው። የተጣለ ጣሳ፣ የተበሳ በርሜል በእሳቸው እጅ ኩራዝ ሆኖ ይወጣል። የመኪና ዘይት ማጣሪያው ፊልትሮ ደግሞ ለኩራዝ ከሁሉ ይሻላል፤ ቆርቆሮው ወፍራም፣ ታቹ ድፍን ነው። ጋሽ ይርዳው፣ የከተማው የአንዲቷ መኪና ሾፌር፣ አሮጌውን በቀየረ ቁጥር ያመጣላቸው ነበር። ቆርጦ ማጽዳቱ የአልጣሽ ሥራ ነው። ይህን የመጨረሻውን ግን ጋሽ ይርዳው አላመጣውም። አባቷ ሞተሯ ከተቃጠለባት መኪና አጠገብ ተጥሎ አግኝተው ያነሡት ነው።

ጓዴ አሸተቱና ፊታቸው ተለወጠ።

«ዝም ብለሽ ቁረጪው» አሉ። «ዛሬውኑ ኩራዝ ይሁን።»

መኪናዋን የገዛው ሕዝቡ ነው። የጋይንት ገበሬ ገብሱን ሸጦ አዋጥቶ፣ በሽተኛ ደብረ ታቦር ታድርስልን ብሎ አሮጌ መኪና ገዛ። ከሦስት ሳምንት በፊት የአስተማሪው የመምህር ባዩ ሚስት አበራሽ ምጥ ሁለት ቀን ጠናባትና ተሳፈረች። ጉና አቀበት ላይ ሞተሩ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ቀጥ አለ። አበራሽ መንገድ ዳር ልጇ በሆዷ እንዳለ ሞተች። መኪናዋን በሬ ጠምደው ጎትተው መለሷት።

ከተማው የሚጠላው ሰው ፈለገ፤ ለማግኘትም አልደከመ። የመኪናው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ግራዝማች ወርቁ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከተበላሸችው መኪና አጠገብ ቆመው ቢጫውን ፊልትሮ በሕዝቡ ፊት ከፍ አድርገው አሳዩ። «ይኸው! ዱሮ ስንገዛው የነበረው አረንጓዴው ነው፣ አገር የመሰከረለት። ይርዳው ግን ደብረ ታቦር አንዱ ባለሱቅ የራሱን ስም የለጠፈበትን ይህንን ርካሽ ጣሳ በግማሽ ዋጋ ገዝቶ አበራሽን ገደላት!» አሉና ወረወሩት። ማንም አልጠየቀም። ርካሽ ነው ከተባለ መጥፎ ነው። ይርዳው በዚያው ቀን ታሰረ። ችሎቱ የፊታችን ሰኞ ነው።

አልጣሽ ቆርጣ ጨረሰች። ውስጡ ያለው እጥፍጥፍ ወረቀት አልተቀደደም። በቡናማ ሙጫ ነገር ተለጥፎ እጥፉ ከእጥፉ አልላቀቅ ብሏል። በጥፍሯ እየለየች ቆጠረችው። ኀምሳ ሁለት እጥፍ። ከአረንጓዴዎቹ አንዱ ገና ሳይጸዳ ግድግዳው ሥር ነበርና እሱንም ቆጠረች። ኀምሳ ሁለት። መሐሉ ላይ ያለው ጥምዝምዝ የሽቦ ሞላ አንድ ዓይነት ነው፤ የጎማው ቀለበትም እንደዚያው። ከዚህ በፊት ሦስት ቢጫ ቆርጣለች፤ ሦስቱም ንጹሕ ጥቁር ዘይት ብቻ ነበረባቸው። ቆርቆሮው እንዲበየድ ብላ ጎኑን በቢላ ስትፍቅ ደግሞ ከቢጫው ቀለም ሥር አረንጓዴ ወጣ።

ያው ፋብሪካ የሠራው ያው ጣሳ ነው። ባለሱቁ ቀለም ደርቦ ስሙን ለጥፎበታል፤ በቃ።

«አባቴ፣ ፊልትሮው ምንም አልሆነም። ዘይቱ ነው። ኑግ ጨምረውበታል።»

«ሰማሁሽ።» ጓዴ ቀና አላሉም። «አምና የጎረቤት ልጅ ሲታመም ማንን ነው ጎትተው የወሰዱት? ማንን ነው ‹አንተ ነህ የበላኸው፣ ትፍ በልበት› ያሉት? እኔን። ተፋሁም። እና አሁን ‹ግራዝማች ዋሹ› ልበል? እኔ ቀጥቃጩ?»

አልጣሽ ሁለቱን ፊልትሮዎች በጨርቅ ጠቅልላ በአልጋው ሥር ሸሸገች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስትደርስ የስምንተኛ ክፍል ወንዶች በር ላይ ቆመው ነበር። «ኩራዚት! ዛሬስ ስንት ሰው በላሽ?» አላት አንዱ። ለምዳዋለች። የለመዱት ነገር አያምም የሚል ሰው ግን ውሸታም ነው።

ሐረገ ወይን ዴስኩ ላይ ተቀምጣ ለሴቶቹ ታወራለች። የግራዝማች ወርቁ ልጅ ናት። ከአልጣሽ ጋር ምሳ የምትበላ ብቸኛዋ ልጅም እሷ ናት፤ ሌሎቹ የቀጥቃጭ ልጅ የነካችውን አይቀምሱም።

«ውስጡ እኮ ወረቀት እንኳ የለውም! ባዶ ጣሳ ነው። አባቴ ቀዶ አይቶታል» ትላለች።

አልጣሽ ደብተሯን አስቀመጠች። ቆርቆሮው ድፍን ነበር። መጀመሪያ የቀደደችው እሷ ናት።

መምህር ባዩ ገቡ። ራሳቸውን ለሐዘን ተላጭተዋል። ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ጠመኔው ተሰበረባቸው። ስባሪውን አላነሡም፤ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው እንደ ቆሙ ደወል ተደወለ።

በዕረፍት ሰዓት አልጣሽ ጓደኛዋን ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ወሰደቻት።

«ለምን ትዋሻለሽ? አባትሽ ፊልትሮውን አልቀደዱትም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«እኔ ነኝ የቀደድኩት። ውስጡ ኑግ ነው፣ ሐረግ።»

ሐረገ ወይን ደሟ ከፊቷ ተመጠጠ። ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። አባቷ ቤታቸው ይቀመጥ የነበረውን የመኪናዋን ዘይት ለወፍጮው ባለቤት ሸጠውት ነበር። አበራሽ ልትሳፈር ስትል በዘይቱ ጀሪካን ውስጥ የቀረው ከግማሽ በታች ነው። ከእስቴ ነጋዴ የተገዛ ኑግ ደግሞ ቤት ውስጥ ሞልቷል።

«‹ሁለቱም ያለሰልሳል› አለኝ። እሱ ቀዳ፣ እኔ ማጥለያውን ያዝኩለት። ከዚያ አሽጎ ለጋሽ ይርዳው ሰጠው። እኔ ምን ላድርግ? አባቴ እኮ ነው!»

«ጋሽ ይርዳውስ?»

«ትንሽ ታስሮ ይፈታል።»

«ሰው ገደልህ ተብሎ ትንሽ?»

ሐረገ ወይን እጇን ጨበጠቻት። መዳፏ በርዷል። «በማርያም ብለሽ ማዪልኝ። ለማንም አልናገርም በይ። አልጣሽ፣ እኔ እኮ ነኝ። ከእኔ ሌላ አብሮሽ የሚበላ ማን አለ? ንገሪኛ፣ ማን አለ?»

እውነቷን ነው። ማንም የለም። አልጣሽ አፏን ከፈተች፤ መሐላው ግን አልወጣላትም። ደወሉ ተደወለ። ያን ቀን ምሳ አብረው በሉ።

ሰኞ ጠዋት ጨርቁን ከአልጋው ሥር ስታወጣ አባቷ በር ላይ ቆመው አዩዋት። ሊከለክሏት ነው ብላ ጠበቀች።

«እኔ አልመጣም» አሉ። «ወናፉን ማን ይጠብቃል?»

እሳቱ አልነደደም ነበር። አልጣሽ በአጠገባቸው አልፋ ወጣች።

የችሎቱ አዳራሽ ጢም ብሏል። ከስማዳ ወገዳ ድረስ የመጣ ሰው አለ። ጋሽ ይርዳው እጁ በሰንሰለት ታስሮ ቆሟል፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ አንገቱ ቀጥኗል። ግራዝማች ወርቁ ምለው ተገዝተው ስለ ርካሹ ጣሳ ተናገሩ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ዳኛው ሌላ የሚያውቅ አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ ከኋላ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«እኔ አለሁ ጌታዬ።»

«የቀጥቃጩ ልጅ?» አለ አንዱ። ሳቅ ተነሣ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ።

አልጣሽ ሁለቱን ፊልትሮዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሥራው የእጇ ሥራ ስለ ሆነ አልጠፋትም። እጥፉን አስቆጠረቻቸው። ሞላውን አሳየች። ቢጫውን በጥፍሯ ፋቀችና አረንጓዴው ብቅ ሲል ዳኛው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ልዩነታቸው ቀለሙና ዋጋው ነው ጌታዬ። አሁን ያሽትቱት።»

ዳኛው አሸተቱ። ለጸሓፊው ሰጡት፤ ጸሓፊው «ኑግ» አለ፤ መሳቁን ረስቷል። ከፊት ወንበር መምህር ባዩ ተነሥተው ፊልትሮውን ተቀበሉና አፍንጫቸው ላይ ያዙት። ለረጅም ጊዜ አላነሡትም።

ግራዝማች ወርቁ ቀድመው ጮኹ። «ይኸው! ራሱ ነዋ የጨመረው! ዘይቱን ሸጦ ኑግ የጨመረ እሱ ራሱ ነው!»

«ግራዝማች፣ አሽገው የሰጡኝን ነው የቀዳሁት» አለ ጋሽ ይርዳው። «እግዜር ያያል።»

«እግዜርን ምስክር አትጥራ፣ ሰው ጥራ!»

አዳራሹ እንደገና በግራዝማች በኩል ሲያዘነብል አልጣሽ ተሰማት። ቀላል ነበር። ያለ ምንም ድካም ነበር የሚያዘነብለው። አንድ ባለማዕረግና አንድ ሾፌር፤ ሚዛኑ ከቤቱ ተዘጋጅቶ የመጣ ይመስል። እሷም ኀምሳ ሁለት እጥፍ ቆጥራ ያመጣችው ማስረጃ ሰውየውን ከማስፈታት ይልቅ ሊያሰቅለው ነው።

ዳኛው ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ኑግ መሆኑን አየን። ማን እንደ ጨመረው ታውቂያለሽ? የማታውቂውን እንዳትናገሪ።»

ሐረገ ወይን ከኋላ፣ ከእናቷ አጠገብ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ቆማለች። ዓይኗ ብቻ ይታያል። አልጣሽ አንድ ጊዜ አየቻትና ወደ ዳኛው ተመለሰች።

«ጀሪካኑ ሲሞላ ማጥለያውን የያዘች ልጅ አለች ጌታዬ። እዚያ የሆነውን ሁሉ በዓይኗ አይታለች። ለእኔ የነገረችኝ እሷ ናት።»

ግራዝማች ወርቁ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ።

«ማን ትባላለች?»

«ሐረገ ወይን ወርቁ።»

ከኋላ የሆነ ሰው እንደ መውደቅ አለ። አልጣሽ አልዞረችም። ጸሓፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ስሙን ጻፈ፤ ቀጥሎም ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ምንሽ ናት?»

«ጓደኛዬ ናት» አለች።